ራጊብ ነሻሺቢ፤ መሐንዲሱ ከንቲባ

በሙያቸው መሐንዲሶች ሆነው ሳለ ስማቸው ከሠሩት መንገድ ወይም ከዘረጉት የውሃ ቧንቧ ጋር ሳይሆን ከፖለቲካ ጠብ ጋር ተሳስሮ የቀረ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ከነዚህም አንዱ ከ1920 እስከ 1934 ድረስ የኢየሩሳሌም ከተማ ከንቲባ የነበረው ራጊብ ነሻሺቢ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፍልስጥኤም ዐረቦች ታሪክ በተነሣ ቁጥር የእርሱና የባላንጣው የሐጅ አሚን አል ሁሴይኒ ስም ጎን ለጎን ይነሣል። ደጋፊዎቹ አርቆ አሳቢ ነበር ይሉታል፤ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የእንግሊዝ መሣሪያ ነበር ይሉታል። ሁለቱም ፍርድ ለእኔ አጥጋቢ ሆኖ አልተገኘም። የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን ወጥቶ በአገር ጉዳይ ስለ ገባ አንድ ሰው እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ይህን ሰው የመረጥኩት፣ ሹመትን እንደ ሥራ ብቻ አድርጎ መመልከት በባዕድ አገዛዝ ሥር ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከሕይወቱ በግልጽ ስለሚታይ ነው።

ራጊብ የተወለደው በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢየሩሳሌም በኦቶማን ቱርኮች መንግሥት ሥር በነበረችበት ጊዜ ነው። ነሻሺቢ የሚለው የቤተሰቡ ስም ፍላጻ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የወጣ ሲሆን ትርጉሙም ፍላጻ ሠሪ ማለት ነው። ቤተሰቡ ወደ ከተማይቱ የመጣው በማምሉኮች ዘመን፣ ማለትም በ15ኛው መቶ ዓመት ነው። ይሁን እንጂ እንደ ሁሴይኒና እንደ ኻሊዲ ቤተሰቦች የሃይማኖት ማዕረግን ከአባት ወደ ልጅ ሲያወራርስ የኖረ ቤት አልነበረም። ሁሴይኒዎች የሙፍቲነቱን፣ ይኸውም የእስልምናን ሕግ የመተርጎሙን ሥልጣን ለረጅም ዘመን በእጃቸው ይዘው ቆይተዋል፤ በከንቲባነቱም ወንበር ደጋግመው ተቀምጠውበታል። ነሻሺቢዎች የገነኑት ዘግይተው፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ገደማ፣ በመሬት ሀብትና በመንግሥት ሹመት ነው። እንግዲህ ፉክክሩ እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት የተጀመረ ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ ፉክክሩ በሱልጣኑ ደጅ የሚካሄድ የሹመት ሽሚያ እንጂ ደም የሚያፋስስ አልነበረም።

ወጣቱ ራጊብ ወደ ኢስታንቡል ተልኮ ምሕንድስና ተማረ። ተመልሶም የኢየሩሳሌም አውራጃ መሐንዲስ ሆነ። በ1914 ደግሞ በኦቶማን ፓርላማ የኢየሩሳሌም እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ፤ ጦርነቱ ሲነሣም በቱርክ ጦር ውስጥ መኮንን ሆኖ አገለገለ። ከተማይቱ በዚያው በ1914 መጀመሪያ ላይ ማቭሮማቲስ ከተባለ የግሪክ ሰው ጋር ኤሌክትሪክ ለማስገባት፣ የትራም ሐዲድ ለመዘርጋትና ውሃ ለማምጣት ውል ተፈራርማ ነበር። ጦርነቱ መጥቶ ሁሉም በወረቀት ላይ ቀረ። ውሉ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ በሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ ታላቅ ክርክር አስነሥቷል፤ የሕግ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ የሚያጠኑት ጉዳይ ነው። አንድ ፓምፕ ሳይተከል፣ አንድ ምሰሶ ሳይቆም ይህን ያህል ዝና ያተረፈ የምሕንድስና ውል መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የእንግሊዝ ጦር ኢየሩሳሌምን የያዘው በዲሴምበር 1917 ነው። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ የእንግሊዝ መንግሥት በፍልስጥኤም ለአይሁድ ሕዝብ ብሔራዊ ቤት እንዲቋቋም እንደሚደግፍ በባልፎር ቃል አስታውቆ ነበር። ስለዚህ የአገሩ ዐረቦች አዲሱን ገዢ የተቀበሉት ገና ከመጀመሪያው በጥርጣሬ ነበር። የከተማይቱ ወታደራዊ ገዢ የሆነው ሮናልድ ስቶርስ፣ ዐረብኛ የሚያውቅና ለጥንታዊ ነገር ፍቅር ያለው ሰው ነበር። በኢየሩሳሌም ከድንጋይ በቀር በሌላ ነገር ቤት እንዳይሠራ ያዘዘው እርሱ ነው፤ ዛሬም የከተማይቱ መልክ የዚህ ትእዛዝ ውጤት ነው። በከንቲባነት የተሾመው ደግሞ በኦቶማን ዘመን በልዩ ልዩ አውራጃዎች ሲያስተዳድር የኖረው ሽማግሌው ሙሳ ካዚም አል ሁሴይኒ ነበር።

በአፕሪል 1920 የነቢዩ ሙሳ በዓል በሚከበርበት ሰሞን በኢየሩሳሌም ሁከት ተነሣ። በሁከቱ አምስት አይሁድና አራት ዐረቦች ሞቱ፤ የቆሰሉት ከሁለት መቶ በላይ ነበሩ። ሙሳ ካዚም ከሕዝባዊው ሰልፍ ጋር በመተባበሩ ስቶርስ ከከንቲባነት ሻረው። ከመሻሩ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር አድርጎ ነበር። ሙሳ ካዚም ከተሻረ በቦታው ለመቀመጥ የሚደፍር ዐረብ አይገኝም የሚል እምነት ስለ ነበረው፣ ስቶርስ ይህን በመገመት ከራጊብ ነሻሺቢ የመቀበያውን ቃል አስቀድሞ በጽሑፍ ወስዶ ነበር። ሽረቱና ሹመቱ በአንድ ጊዜ ተፈጸሙ።

በእኔ አስተያየት የራጊብ ሕይወት የተወሰነው በዚች ወረቀት ነው። ሰውየው ለቦታው ብቁ ነበር። የከተማይቱን መሬት ከኮረብታ እስከ ሸለቆ የሚያውቅ መሐንዲስ፣ የፓርላማ ልምድ ያለው፣ ቱርክኛና ዐረብኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ በጨዋታ አዋቂነቱና በእንግዳ ተቀባይነቱ የታወቀ ሰው ነበር። ምናልባትም እርሱ እምቢ ቢል ከተማይቱ ከእርሱ ባነሰ ሰው እጅ ትወድቅ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ሕዝቡ የራሱን ስሜት ስለገለጸ በተሻረ ሰው ወንበር ላይ በሻሪው እጅ መቀመጡ ከዚያ በኋላ የሚሠራውን ሁሉ አጠላበት። የሁሴይኒ ወገኖች ይህን ነገር ለሠላሳ ዓመት አልረሱለትም፤ ይረሱታል ብሎ ማሰቡም የዋህነት ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የሚዛኑ ሌላ ወገን ተሞላ። የኢየሩሳሌም ሙፍቲ የነበረው ካሚል አል ሁሴይኒ በማርች 1921 ሞተ። ከታናሽ ወንድሙ ከአሚን ጋር የተፎካከረው፣ በነሻሺቢዎች የሚደገፈው ሑሳም አል ዲን ጃራላህ የተባለ ሊቅ ነበር። አሚን ገና ከሠላሳ ዓመት በታች የሆነ፣ በአል አዝሃር ትምህርቱን ያልፈጸመ ወጣት ነበር። በነቢዩ ሙሳ ሁከት ምክንያት አሥር ዓመት እስራት በሌለበት ተፈርዶበት ሸሽቶ ከቆየ በኋላ በአዲሱ ከፍተኛ ኮሚሽነር በሰር ኸርበርት ሳሙኤል ምሕረት የተመለሰ ነው። በአፕሪል በተደረገው ምርጫ ጃራላህ አንደኛ፣ አሚን አራተኛ ወጣ። ሕጉ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ አንዱ እንዲሾም ያዝዛል። ጃራላህ ከውድድሩ እንዲወጣ ተደረገና አሚን ወደ ሦስተኛው ቦታ ከፍ አለ፤ ሳሙኤልም ሙፍቲ አደረገው። በጃንዋሪ 1922 ደግሞ አዲስ የተቋቋመው የሙስሊሞች ከፍተኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚህም ሥልጣን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን፣ የመስጊዶችን ሹመትና በዓመት ከ50,000 የእንግሊዝ ፓውንድ በላይ የሚንቀሳቀስበትን የወቅፍ፣ ማለትም የሃይማኖት ርስት ገቢ በእጁ አስገባ።

ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሹመት ሲያስረዱ ከንቲባነቱ ለነሻሺቢ ስለ ተሰጠ ሙፍቲነቱ ለሁሴይኒ መሰጠት ነበረበት የሚል ሐሳብ ከእንግሊዞቹ ዘንድ እንደ ነበረ ያመለክታሉ። አሳንሰር የሚያውቅ የሙያ ጓደኛዬ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ክፍሉና ተቃራኒው ክብደት ከተመጣጠኑ ሞተሩ እጅግ ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። ገዢው ኃይል የሚፈልገውም ይህንኑ ነበር። ሁለቱ ቤቶች እርስ በርሳቸው ሲመዛዘኑ አገሩን በጥቂት ወታደርና በጥቂት ወጪ ለመያዝ ተቻለ። በ1920ዎቹ ውስጥ በፍልስጥኤም የነበረው የእንግሊዝ ጦር አነስተኛ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የአገሩ ፖለቲካ ሁሉ በሁለት ስም ተከፈለ። የምክር ቤቱ ወገኖች መጅሊሲዩን፣ ተቃዋሚዎቹ ሙዓሪዱን ተባሉ። ክፍፍሉ ከኢየሩሳሌም ወጥቶ እስከ ገጠሩ መንደር ደረሰ። በአንድ መንደር ውስጥ የአንዱ ጎሣ አለቃ ከምክር ቤቱ ጋር ከሆነ፣ ከእርሱ ጋር የመሬት ወይም የደም ቂም ያለው ሌላው ጎሣ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ይቆማል። ስለ ጽዮናውያን ወይም ስለ እንግሊዞች ያለው አሳብ የተለየ ሆኖ ሳይሆን ባላጋራው በወዲያ ስላለ ብቻ ነው። ይህ ነገር በኋላ ምን እንዳመጣ እንመለስበታለን።

ራጊብ በከንቲባነቱ ዘመን የመራት ከተማ ቀላል ከተማ አልነበረችም። በ1922 በተደረገው ቆጠራ የሕዝቧ ብዛት ከ62,000 በላይ ሲሆን ከግማሽ የሚበልጡት አይሁድ ነበሩ። በ1931 ቁጥሩ ከ90,000 በላይ ሆነ። በሦስት ሃይማኖትና በሦስት ቋንቋ የሚከራከር የማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት እየመራ አሥራ አራት ዓመት መቆየት ብልሃት ይጠይቃል። የአገራችን ሰዎችም በዚያ ዘመን ከተማይቱን አይተዋታል። ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በኋላ አርባ ልጆች ተብለው በአዲስ አበባ የታወቁትን የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቀኞች ያገኙት ራጊብ ከንቲባ በነበረበት ጊዜ ነው።

ለመሐንዲስ ከሁሉ የሚከብደው ውሃው ነበር። ኢየሩሳሌም ወንዝ የላትም። ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በኖራ ድንጋይ ተራራ ላይ የተቀመጠች በመሆንዋ፣ ነዋሪዋ ከጥንት ጀምሮ የክረምትን ዝናብ ከጣሪያ ላይ እየሰበሰበ በቤቱ ሥር በተፈለፈለ ጉድጓድ ሲያጠራቅም ኖሯል። የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች በ1918 ከኬብሮን መንገድ በኩል ካለው ከአሩብ ምንጭ ቧንቧ ዘርግተው ነበር፤ ከተማይቱ ስታድግ ግን አልበቃም። በ1925 ዝናብ በመጉደሉ መንግሥቱ በቤተ ልሔም አጠገብ ያለችውን የኡርታስን መንደር ምንጭ ለአንድ ዓመት ለከተማይቱ የሚወስድ አዋጅ አወጣ። የመንደሩ ገበሬዎች ከሰሱ። የፍልስጥኤም ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለገበሬዎቹ ፈረደ፤ ለንደን ያለው የዘውድ ምክር ቤት የይግባኝ ችሎት ግን በ1926 ፍርዱን ገልብጦ አዋጁን አጸና። አትክልቱን በዚያ ምንጭ የሚያጠጣ ገበሬ የከተማውን ሰው በምን ዓይን እንደሚያየው ለመገመት አያዳግትም። በከተማው ባላባትና በባላገሩ መካከል የነበረው ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አልነበረም።

ዘላቂው መፍትሔ ከባሕሩ ዳርቻ ሜዳ፣ ከራስ አል ዐይን ምንጭ በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ቧንቧ ውሃውን በአራት የፓምፕ ጣቢያዎች እየገፉ ወደ ተራራው ማውጣት ነበር። ይህም ተሠራ፤ ነገር ግን ውሃው ከተማይቱ የደረሰው ራጊብ ከወንበሩ ከወረደ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ዕጣ በሙያችን የተለመደ ስለሆነ አላዝንለትም።

በፖለቲካው በኩል ተቃዋሚዎቹ በ1923 ብሔራዊ ፓርቲ የሚባል አቋቋሙ። የሚሉት ከእንግሊዝ ጋር ተባብሮ በሚገኘው ሥልጣን መጠቀም ከማኩረፍ ይሻላል ነበር። በሐሳብ ደረጃ የሚናቅ ክርክር አይደለም። ችግሩ የጽዮናውያን ድርጅት ሹማምንት ከተቃዋሚዎቹ ለአንዳንዶቹ ገንዘብ ሲሰጡ መኖራቸው ነው፤ ይህም በራሳቸው መዛግብት ውስጥ ተገኝቷል። በ1927 በተደረገው የማዘጋጃ ቤት ምርጫ የራጊብ ወገን ሲያሸንፍ የአይሁድ መራጮች ድጋፍ ረድቶታል። ባላንጣዎቹ በሁለት ቢላዋ የሚበላ ሰው ነው አሉት። ሆኖም ከግማሽ በላይ አይሁድ በሆነባት ከተማ ያለ አይሁድ ድምፅ ከንቲባ መሆን እንዴት እንደሚቻል የነገረው ሰው የለም።

የሁለቱ ወገኖች ጠብ ሁልጊዜ አንድ መልክ አልነበረውም። በ1930 ወደ ለንደን በተላከው የዐረቦች መልእክተኛ ቡድን ውስጥ ሙሳ ካዚም፣ ሐጅ አሚንና ራጊብ አብረው ሄደዋል። ከንቲባነቱን ያጣው ሽማግሌ፣ የወሰደበት ሰውና ሙፍቲው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ለአገራቸው ተከራከሩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን፣ በዲሴምበር 1931፣ ሐጅ አሚን ከብዙ አገሮች የመጡ እንግዶች የተገኙበት የእስላም ጉባኤ በኢየሩሳሌም ሲከፍት፣ ራጊብና ወገኖቹ በዚያው ሰሞን አዲስ በተከፈተው በንጉሥ ዳዊት ሆቴል የራሳቸውን ተቃዋሚ ጉባኤ አደረጉ። ከተማ አንድ፣ ወር አንድ፣ ሃይማኖት አንድ፤ ጉባኤ ሁለት።

ሙሳ ካዚም በማርች 1934 ሞተ። እርሱ የሚመራው የዐረቦች አስፈጻሚ ኮሚቴም በዚያው ፈረሰ። በሴፕቴምበር ደግሞ ራጊብ በማዘጋጃ ቤቱ ምርጫ በሐኪሙ በሑሴይን ፋኽሪ አል ኻሊዲ ተሸነፈ። ኻሊዲን ሁሴይኒዎች ደግፈውታል፤ ራጊብን በ1927 የረዳው ድምፅም በዚህ ጊዜ አልተከተለውም። ከንቲባነቱን ያጣው መሐንዲስ በዲሴምበር የብሔራዊ መከላከያ ፓርቲን መሠረተ። ከሦስት ወር በኋላ፣ በማርች 1935፣ ጀማል አል ሁሴይኒ የፍልስጥኤም ዐረብ ፓርቲን አቋቋመ። ስማቸው ፓርቲ ይባል እንጂ ሁለቱ ቤቶች አዲስ ልብስ ለበሱ ማለት ይቀላል።

በዚህ መካከል የአገሩ መሠረት እየተናወጠ ነበር። ሂትለር በጀርመን ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ከአውሮፓ የሚሰደደው አይሁዳዊ ቁጥር እጅግ በዛ፤ በ1935 ብቻ ከ60,000 በላይ ገቡ። መሬት እየተሸጠ ገበሬው ይለቅቅ ነበር። በአፕሪል 1936 አጋማሽ በተፈጸሙ ግድያዎች ነገሩ ፈነዳ፤ አጠቃላይ አድማ ተጠራ። በሕዝቡ ግፊት ስድስቱ ፓርቲዎች በአፕሪል 25 የዐረብ ከፍተኛ ኮሚቴን አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ ሐጅ አሚን፣ ከአባሎቹ አንዱ ራጊብ ሆኑ። ቂም ይዞ ጸሎት እንደሚባለው ነበር፤ ግን አድማው ስድስት ወር ጸና። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በማይ 8 በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሐይፋ ደርሰው ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ የዐረቡ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። ከማይጨው ሽንፈት ወደ ስደት የመጡት የአገራችን ሰዎች ያረፉት በሌላ እሳት ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል።

አድማው በኦክቶበር የዐረብ ነገሥታት ባቀረቡት ጥሪ ቆመ። በሎርድ ፒል የሚመራ የምርመራ ኮሚሽን መጥቶ ሄደ። በጁላይ 1937 ባወጣው ሪፖርትም አገሩ ለሁለት እንዲከፈልና የዐረቡ ክፍል የራጊብ ወዳጅ በሆነው በአሚር አብዱላህ ከምትገዛው ከትራንስ ዮርዳኖስ ጋር እንዲዋሐድ መከረ። ሪፖርቱ ከመውጣቱ ጥቂት ቀናት በፊት የራጊብ ፓርቲ ከከፍተኛው ኮሚቴ ወጣ። ሰዎች ሁለቱን ነገር አያያዙት። መጀመሪያ አሳቡን የሚቀበል መስሎ የታየው ራጊብ፣ የሕዝቡ ቁጣ ሲበረታ ፓርቲው ክፍፍሉን እንደሚቃወም አስታወቀ። ይህ ማወላወል ከሁለቱም ሳይሆን አስቀረው፤ እንግሊዞቹ አላመኑትም፣ ዐመፀኞቹም ይቅር አላሉትም።

በሴፕቴምበር 1937 የገሊላ አውራጃ ተጠባባቂ ገዢ ሉዊስ አንድሩስ በናዝሬት ተገደለ። እንግሊዞች ኮሚቴውን ከሕግ ውጭ አደረጉ፤ ሐጅ አሚን ወደ ሊባኖስ አመለጠ፤ ዐመፁም በባላገሩ እጅ ገባ። ለሁለት ዓመት ያህል ከተራሮቹ የብዙው ክፍል ገዢ ጠመንጃ የያዘው ገበሬ ነበር። ከኪርኩክ ወደ ሐይፋ የሚሄደው የነዳጅ ቧንቧ በየጊዜው ይቀደድና ይቃጠል ነበር። በ1938 በጋ ዐመፀኞቹ ከተሜው ሁሉ ታርቡሹን አውልቆ የገበሬውን ኩፊያ እንዲጠመጥም አዘዙ። በቀይ ቆብ ይታወቅ የነበረው ባላባት፣ ዳኛና ነጋዴ በአንድ ሰሞን እንደ ባላገር ለበሰ። ዓላማው ጠመንጃ ያዡን ገበሬ ከከተማ ሰው ለይተው እንዳይዙት ነበር፤ ነገር ግን ትእዛዙ ማን በማን ላይ እንደ ሠለጠነም ያሳያል።

ዐመፁ በውስጡ ሌላ ጦርነት ነበረበት። ግብር እንዲከፍሉ የተጠየቁ ባለ ሀብቶች፣ መሬት ሸጠዋል የተባሉ፣ ከፖሊስ ጋር ተነጋግረዋል የተባሉ፣ ወይም የነሻሺቢ ወገን መሆናቸው የታወቀ ሰዎች በየመንገዱና በየቤታቸው ተገደሉ። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የመንደር ቂም ያን ጊዜ ስም አገኘ። የድንበር ጠብ ያለበት ሰው ባላጋራውን ከሃዲ ብሎ ለዐመፀኛው አለቃ ያሳብቅበታል፤ የሟቹ ወንድም ደግሞ ሌሊት ወጥቶ ለእንግሊዙ መኮንን መንገድ ያሳያል። በኦክቶበር 1938 የነሻሺቢ ወገን የነበረው የኢየሩሳሌሙ ጠበቃ ሐሰን ሲድቂ አል ደጃኒ ተገደለ። ራጊብ ራሱ በዚያ ወቅት በግብፅ ተቀምጦ ነበር።

የደም ብድር መላሽ ሆኖ የተነሣው የራጊብ የቅርብ ዘመድ ፋኽሪ ነሻሺቢ ነው። ፋኽሪ በአገር ውስጥ ቆይቶ፣ ከዚህ ቀደም ከዐመፁ አለቆች አንዱ ከነበረው ከፋኽሪ አብድ አል ሃዲ ጋር የሰላም ጓዶች የተባሉ ታጣቂዎችን አደራጀ። የእንግሊዝ ጦር መሣሪያና ጥበቃ ሰጣቸው፤ ከአይሁድ ኤጀንሲም ገንዘብ አገኙ። በዲሴምበር 1938 ከኬብሮን በስተደቡብ ባለችው በያታ መንደር ብዙ ገበሬዎች ተሰብስበው በእንግሊዙ ጄኔራል ፊት ዐመፁን ሲያወግዙ ታየ። ሰላም የሚለው ስም እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ሲለጠፍ ማየት ያስገርማል። የሰላም ጓዶች መንደር ይፈትሹ፣ ዐመፀኛ ያስይዙና ይገድሉ ነበር፤ ከመካከላቸውም ብዙዎቹ ወንድማቸው ወይም አባታቸው በዐመፀኞች የተገደለባቸው ነበሩ።

ከ1936 እስከ 1939 በነበረው ጊዜ 5,000 የሚያህሉ ዐረቦች እንደ ሞቱ ታሪክ ጸሐፊው ዋሊድ ኻሊዲ ገምቷል። ከነዚህ መካከል 1,200 ያህሉ የሞቱት በእንግሊዝ ጥይት ሳይሆን በገዛ ወገኖቻቸው እጅ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ሁሉን አይናገርም። ከጠፉት ሰዎች ብዙዎቹ የመንደር ሽማግሌዎች፣ የተማሩ ሰዎችና የማዘጋጃ ቤት አባሎች ነበሩ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ሕዝቡ መሪ በፈለገ ጊዜ በቦታቸው ያልተገኙት እነዚህ ናቸው።

ራጊብን በፋኽሪ ሥራ መጠየቅ ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ዘመድ ዘመዱን አይቈጣጠርም ማለት ይቻላል፤ በዚያ አገር ልማድ ግን የቤቱ አለቃ ራጊብ ነበር፤ ፋኽሪም የሚናገረው በቤቱና በፓርቲው ስም ነበር። በሌላ በኩል ግድያውን የጀመሩት የሁሴይኒ ወገን ታጣቂዎች መሆናቸው የማይካድ ነው። እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው፤ ራጊብ በገዛ እጁ ደም አላፈሰሰም፣ ነገር ግን በስሙ የሚፈሰውን ደም ለማቆም ክብሩን አልከፈለም። ሐጅ አሚንም ከቤይሩት አጠገብ ተቀምጦ ያንኑ አላደረገም። የሁለቱ ልዩነት እስከ ዛሬ በስሜት ይመዘናል፤ የሁለቱ አንድነት ግን በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

በፌብሩዋሪ 1939 እንግሊዝ የዐረብና የአይሁድ መልእክተኞችን ለንደን በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ሰበሰበች። የፍልስጥኤም ዐረቦች መቀመጫ የሁሴይኒ ወገን ብቻ እንዳይሆን ተብሎ ከብዙ ክርክር በኋላ ራጊብና ክርስቲያኑ ያቆብ ፋራጅ ተጨመሩ። ጉባኤው አልተስማማም። በማይ ወር የወጣው ነጭ ወረቀት የተባለው ሰነድ ግን በአምስት ዓመት ከ75,000 የማይበልጡ አይሁድ ብቻ እንዲገቡ፣ በአሥር ዓመት ውስጥም ነፃ መንግሥት እንዲቋቋም ይላል። ዐረቦቹ ከእንግሊዝ እጅ ያገኙት ከሁሉ የተሻለ ሰነድ ይህ ነበር። የራጊብ ፓርቲ ተቀበለው፤ ሐጅ አሚንና ከፍተኛው ኮሚቴ እምቢ አሉ። በዚህ አንድ ጉዳይ የከንቲባው ስሌት ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ከያታ ስብሰባ አምስት ወር ቆይቶ የነሻሺቢ ወገን ተቀበለው የተባለን ነገር ማን ይከተላል? ትክክለኛ ስሌት በማይታመን ሰው እጅ ሲሆን ዋጋ አያወጣም።

ፋኽሪ ነሻሺቢ በኖቬምበር 1941 በባግዳድ ተተኩሶበት ሞተ። ፋኽሪ አብድ አል ሃዲ በ1943 ተገደለ። ሐጅ አሚን ወደ ኢራቅ፣ ከዚያም ወደ ጣልያንና ወደ በርሊን ሄዶ ከሂትለር ጋር መቆሙ በስሙ ላይ የማይፋቅ ነገር ጥሎ አልፏል። ራጊብ እነዚህን ዓመታት በአመዛኙ በዝምታ አሳለፈ።

በ1948 እንግሊዝ አገሩን ጥላ ስትወጣ ጦርነት ሆነ። ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣው የራስ አል ዐይን ቧንቧ ተቆረጠ፤ የከተማይቱ ሕዝብም ተመልሶ ወደ ጥንቱ የዝናብ ጉድጓድ ሄደ። አሮጌይቱ ከተማና የምዕራቡ ዳርቻ በትራንስ ዮርዳኖስ ጦር እጅ ሲቀሩ ንጉሥ አብዱላህ የነሻሺቢን ወገን አስታወሰ። በዲሴምበር 1948 ሐጅ አሚንን ከሙፍቲነት ሽሮ ሑሳም አል ዲን ጃራላህን ሾመ፤ በ1921 በምርጫ አንደኛ ወጥቶ የነበረው ሰው ሹመቱን ያገኘው ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ነው። ራጊብም የምዕራቡ ዳርቻ ገዢ፣ ቀጥሎም በዮርዳኖስ መንግሥት ሚኒስትር ሆነ። የተቀበለው አገር ግን በ1920 የተቀበለው ዓይነት አልነበረም። ከሰባት መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ተፈናቅሎ ድንኳን ውስጥ ነበር፤ የመራት ከተማም በሽቦ ለሁለት ተከፍላ ነበር።

በጃንዋሪ 1951 የመጨረሻው ሹመት ተሰጠው፤ የሐረም አል ሸሪፍና የቅዱሳት ቦታዎች ጠባቂ ሆነ። ለሠላሳ ዓመት ያህል የሁሴይኒዎች ምሽግ የነበረው ግቢ በእርሱ እጅ ገባ። በቦታው የቆየው ግን ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ በአፕሪል ወር በሕመም ሞተ። ሦስት ወር ቆይቶ፣ በጁላይ 20፣ ንጉሥ አብዱላህ ለዓርብ ጸሎት ወደ አል አቅሳ መስጊድ ሲገባ በደጃፉ ላይ ተተኩሶበት ሞተ። በዚህ ነገር ተፈርዶባቸው በሴፕቴምበር ከተሰቀሉት አራት ሰዎች አንዱ ሙሳ አብዱላህ አል ሁሴይኒ ይባላል፤ የሐጅ አሚን ዘመድ ነበር።